በስሜ ያለው ምንድን ነው?

(እሑድ ከጸሎት በኋላ ለእህቶች ከተሰጠ ትምህርት)



ብዙዎቻችን ከአገር የወጣነው በአሥራ ስምንት፣ በሃያ ዓመታችን ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው ሁሉን ነገር ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል፤ ፓስፖርቱን ለቢሮው፣ ኮንትራቱን ለማዳም፣ ደሞዙን ለቤተሰብ። ክፋት ኖሮበት አይደለም። ልጅ ስለሆነና ታላላቆቹን ስለሚያምን ነው። ከእኛ ቀድመው የመጡ እህቶች ከብዙ ዓመት በኋላ የተማሩት ሲጠቃለል ግን አንድ ነው፦ ለፍተሽ ያገኘሽው ነገር ያንቺ ሆኖ የሚቆየው በስምሽ የተጻፈ ወረቀት ሲኖረው ነው። አባቶቻችንም «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ዛሬ አምስት ነገሮችን አንድ በአንድ እንይ።

1. ስምሽና ፓስፖርትሽ

ከሁሉ በፊት ስምሽን ተመልከቺ። በፓስፖርትሽ ላይ ያለው ስም፣ የአባት ስምና የትውልድ ዘመን አገር ቤት ካለው ማስረጃሽ ጋር አንድ ነው? የአገራችን ሕግ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ደላሎች ለትንንሽ ልጆች ዕድሜ ይጨምራሉ፤ አንዳንዴም ስም ይለውጣሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ባንክ ሄደሽ «ይህች አንቺ መሆንሽን በምን እናውቃለን?» ስትባዪ ነው። የትምህርት ቤት ካርድሽ፣ የልደት ምስክር ወረቀትሽ፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያሽ ቤት ውስጥ ካሉ እንዳይጥሏቸው ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪ።

ፓስፖርቱን ብዙ ጊዜ የሚይዙት አሠሪዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት ጠብ አትፍጠሪ፤ ነገር ግን በደህናው ጊዜ፣ ለኢቃማ እድሳት ሲወጣ፣ የፊት ገጹን ፎቶ አንሺ። የኢቃማሽንም ሁለቱንም ገጽ አንሺና አገር ቤት ለምታምኚው ሰው ላኪ። አንድ ፎቶ ኮፒ ደግሞ በልብስሽ መካከል አስቀምጪ። ፓስፖርት ሲጠፋ ወይም ሲከለከል ቆንስላ ሊሴ ፓሴ የሚባለውን የመመለሻ ወረቀት የሚሰጠው ማንነትሽን ካረጋገጠ በኋላ ነው፤ ኮፒው ያን ጊዜ ይጠቅምሻል። ስልክ ሊወሰድ ይችላልና አንድ ቁጥር በቃልሽ ያዢ።

2. ኮንትራትሽ

እዚህ ሊባኖስ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ የምንደገፍበት ወረቀት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አንድ ዓይነት ኮንትራት ነው። የሚጻፈው በአረብኛ፣ የሚፈረመውም በኖተር ፊት ስለሆነ ብዙዎቻችን ምን እንደሚል ሳናውቅ ፈርመናል። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ደሞዝ በወሩ መጨረሻ ይከፈላል፤ ሁለታችሁም ደረሰኝ ላይ ትፈርማላችሁ። የሥራ ሰዓት በአማካይ በቀን ከ10 ሰዓት አይበልጥም። ማታ ሳይቋረጥ 8 ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ 24 ሰዓት ዕረፍት አለ። በዓመት 6 ቀን ፈቃድ አለ።

ይህ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ሌላ አገር ለሚደርሳችሁ ደግሞ፦ ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኳታር በ2017 ለቤት ሠራተኛ የተለየ ሕግ አውጥተዋል፤ ሁለቱም ውስጥ የሳምንት ዕረፍት ተጽፏል።

በወረቀት ላይ ያለው ሁሉ በቤት ውስጥ እንደማይፈጸም እናውቃለን። ቢሆንም የተጻፈውን የምታውቅ ሴት አንድ ነገር ስትጠይቅ ልመና አይሆንባትም። የኮንትራትሽን ኮፒ ጠይቂ፤ አረብኛ የምታነብ እህት ታንብብልሽ። የተጀመረበትንና የሚያልቅበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠርም በእኛም ጻፊው። ቀኑን የማታውቅ ሴት ሁለት ዓመቷ ሦስት ሲሆን አይታወቃትም።

3. በማዳም እጅ ያለ ደሞዝ

«ማዳም ጥሩ ሰው ናት፣ ደሞዜን ታስቀምጥልኛለች» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ማዳም ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች። የሆነውን ግን አስታውሱ። ከ1997 እስከ 2019 አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ አካባቢ ይመነዘር ነበር። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ባንኮች የራሳቸውን ደንበኞች ገንዘብ ከለከሉ፣ ሊራውም ወደቀ፤ በ2023 አንድ ዶላር ከ80 ሺህ ሊራ በላይ ሆነ። ጥሩዋም ማዳም ክፉዋም ማዳም እኩል ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በ2020 ሰኔ ላይ ደሞዝ ያልተከፈላቸው እህቶቻችን ከነሻንጣቸው ሐዝሚየ በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ሲጣሉ ዓለም ሁሉ አየ። 

ስለዚህ ደሞዝሽን በየወሩ ተቀበዪ። ካልተከፈለሽ ወሩንና መጠኑን በደብተር ጻፊ። የላክሽበትን የሐዋላ ደረሰኝ አትጣዪ፤ ፎቶውን ያዢ።

4. አገር ቤት ያለ ገንዘብ

ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የምንናገረው ስለምንወዳቸው ሰዎች ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ነገር ግን ወንድምሽ እንደ መልአክ ታማኝ ነው ብለን እንነሳ። ገንዘቡ በእሱ ሒሳብ ከገባና እሱ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ቢሞት ባንኩ የሚያውቀው የእሱን ወራሾች ነው። ቤቱ በእሱ ስም ከተሠራ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ካርታው ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። አንቺ እንደላክሽ ጎረቤት ሁሉ ቢያውቅም ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ያንቺ ይሆናል። ችግር እንዲመጣ ክፉ ሰው አያስፈልግም፤ ሞት፣ ጋብቻ ወይም ፍቺ ይበቃል።

መፍትሔው መላክ ማቆም አይደለም፤ ከምትልኪው ለይተሽ በራስሽ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ነው። ሒሳብ ለማስከፈት ለሌላ ሰው ውክልና መስጠት ካስፈለገሽ ቆንስላ ቀርበሽ ትፈርሚያለሽ፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ከመፈረምሽ በፊት ግን ቃል በቃል ይነበብልሽ። በሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚል ቃል ካየሽና ሐሳብሽ ያ ካልሆነ ይሰረዝ በዪ። ውክልናን በፈለግሽ ጊዜ መሻር ትችያለሽ፤ መሻሩን ግን ባንኩና የተወከለው ሰው እንዲያውቁት አድርጊ።

ምን ያህል? 200 ዶላር የምታገኝ እህት በወር 30 ዶላር ብታስቀምጥ በሁለት ዓመት ኮንትራት 720፣ በሦስት ኮንትራት 2,160 ዶላር ይሆናል። ትልቅ ሀብት አይደለም፤ ግን ተመልሳ ሱቅ ለመክፈት ወይም ሙያ ለመማር ስትነሳ የማንንም ፊት አታይም።

ቤተሰብ ይቆጣል ብለሽ አትፍሪ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እማዬ፣ መላኬን አላቆምም። ከዚህ ወር ጀምሮ ግን ትንሽ ትንሽ ለመመለሻዬ ላስቀምጥ ነው። ነገ ባዶ እጄን ገብቼ ሸክም እንዳልሆንባችሁ ነው።» መጀመሪያ ዝም ይሉ ይሆናል። እናት ግን ይገባታል።

5. ዓመታትሽ

በአሥራ ስምንት መጥታ በሃያ ስድስት የምትመለስ ልጅ ስምንት የወጣትነት ዓመቷን እዚህ ትታለች። እነዚያም ዓመታት በስሟ ሊጻፉላት ይገባል። አረብኛ ተናግረሻል፣ ሕፃን አሳድገሻል፣ ሽማግሌ አስታመሻል፣ የአገሩን ምግብ ሠርተሻል። ይህ ሁሉ ሙያ ነው። ኮንትራትሽ በሰላም ሲያልቅ ማዳም ስንት ዓመት ምን እንደሠራሽ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ፈርማ እንድትሰጥሽ ጠይቂ። በዕረፍት ቀንሽ የምታገኚውን ትምህርት፣ ፊደልም ይሁን ስፌት፣ አትናቂ።

የዚህ ሳምንት ሥራ

ደብተር ክፈቺና አምስት መስመር ጻፊ፦ ስሜና የፓስፖርት ቁጥሬ፤ ኮንትራቴ የሚያልቅበት ቀን፤ ያልተከፈለኝ ደሞዝ፤ በራሴ ስም ያለው ገንዘብ፤ እዚህ የተማርኩት ሙያ። ባዶ የሆነ መስመር ካለ አትደንግጪ፤ ሥራሽ ከዚያ ይጀምራል። ማንበብና መጻፍ የማትችል እህት ካለች አጠገቧ ቁጭ በዪና ጻፊላት፤ ምሥጢሯንም ጠብቂላት። ከቤት መውጣት የማይፈቀድላት የምታውቂያት እህት ካለች ደግሞ ይህን ወረቀት አድርሺላት።