ከስቶሪቦርድ እስከ ሬንደር፦ የአኒሜሽን ቤት ቃላት

ለሱቁ የ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ በአኒሜሽን ሊያሠራ የሄደ ነጋዴ ከዋጋው በፊት የሚቀበለው የቃላት መዓት ነው። «ስቶሪቦርዱን አይተው ያጽድቁልን፤ አኒማቲኩን ሰኞ እንልክልዎታለን፤ ሪግ ከተሠራ በኋላ ልብስ መቀየር ዋጋ ይጨምራል» ይሉታል። ብዙው ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል፤ ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ቃላቱ የባለሙያ መኩራሪያ አይደሉም። ሥራው የደረሰበትን ደረጃ፣ የተቆረጠውን ጉዳይና ገና ሊለወጥ የሚችለውን ይናገራሉ።

በማስታወቂያው አንዲት ወጣት ጀበና አንስታ ቡና ትቀዳለች እንበል። ጽሑፉ፣ ማለትም ስክሪፕቱ፣ ካለቀ ቀጣዩ ስቶሪቦርድ ነው። ትዕይንቶቹ በየሳጥኑ በተርታ ይሳላሉ፤ ካሜራው ከየት እንደሚያይ፣ ማን የት እንደሚቆም ይለያል። ዘዴው መልክ የያዘው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ነው። ሥዕሎቹ በየወረቀቱ ተስለው ሰሌዳ ላይ ስለሚሰኩ፣ ያልጣመውን ነቅሎ ቦታ ማቀያየር ቀላል ነበር። ወጣቷ ከፊት ትታይ ወይስ ከጎን የሚለው ክርክር ማለቅ ያለበት እዚህ ነው፤ እዚህ የሚጠፋው እርሳስና ላጲስ ብቻ ነውና።

አኒማቲክ የሚባለው እነዚያው ሥዕሎች ከድምፅ ጋር በጊዜ ተለክተው ሲያያዙ ነው። ገና የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ርዝመቱ ግን ይታያል። ሲኒው እስኪሞላ ብዙ ሴኮንድ ከፈጀ ለሱቁ አድራሻ ጊዜ እንደማይተርፍ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ከዚያ ገጸ ባሕርይዋ ትቀረጻለች። ሞዴል ሺት ወጣቷን ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ፣ ስትስቅና ስትቆጣ የሚያሳይ ገጽ ነው፤ አምስት ሰው ቢስላትም መልኳ እንዳይለያይ ይጠብቃል። ሪግ ደግሞ በኮምፒውተር ውስጥ የሚገባላት አጥንትና መገጣጠሚያ ነው። በጠፍጣፋ ሥዕል የሚሠራው ቱዲ ይሁን ዙሪያ ገባው የሚታየው ስሪዲ፣ ክርኗ የሚታጠፈው ሪጉ ላይ እንዲታጠፍ ከተደረገ ብቻ ነው። ልብሷ ከዚህ በኋላ ሲቀየር ዋጋ የሚጨምረውም አዲሱ ልብስ ከአጥንቱ ጋር እንደገና መገናኘት ስላለበት ነው።

አሁን እንቅስቃሴው። አንዱ ምስል ፍሬም ይባላል፤ የሲኒማው ልክ በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው። ለ30 ሴኮንድ 720 ፍሬም ያስፈልጋል ማለት ነው። በእጅ ሲሳል ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ማቆየት ስለሚበቃ ሥዕሉ ወደ 360 ይወርዳል።

ከእነዚህ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ኪፍሬም ናቸው፦ በእጇ ጀበናውን ስትጨብጥ፣ ከፍ ስታደርገው፣ አዘንብላ ስትቀዳ፣ መልሳ ስታስቀምጠው። በመካከላቸው ያለውን የሚሞሉት ኢንቢትዊን ይባላሉ። ድሮ የጀማሪ ሠዓሊዎች ሥራ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ኮምፒውተሩ ያሰላዋል። ነገር ግን ማሽን ርቀቱን እኩል እኩል ሲያካፍለው እጇ ነፍስ አይኖረውም። ስለዚህ አኒሜተሩ እጇ ሲነሳ ቀስ፣ መሐል ላይ ፈጠን፣ ሲያርፍ ቀስ ያደርገዋል፤ ይህ ኢዚንግ ነው። ሙሉ ጀበና ከረከቦት ሲነሳ ይንቀራፈፋል፤ ባዶው ብድግ ይላል። ተመልካቹ ውስጡን ሳያይ ሙሉ መሆኑን የሚያውቀው በዚሁ ነው። የዲዝኒ አኒሜተሮች ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን መሰሉን ብልሃት በ12 መርሆዎች ዘርዝረውታል።

ሊፕ ሲንክ አፍን ከድምፅ ጋር ማስማማት ነው። ወጣቷ «ቡና ጠጡ» ስትል ከንፈሯ በመጀመሪያ ይገጥማል፣ ለ«ቡ» ይሞጠሞጣል፣ በ«ና» መንጋጋዋ ይከፈታል፣ «ጡ» ላይ ተመልሶ ይሞጠሞጣል። በአማርኛ ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ፣ ራብዕ አፍን ይከፍታል፤ በ፣ መ እና ፐ ደግሞ ከንፈር ሳይገጥም አይወጡም። በአሻንጉሊት ትርኢት፣ ለምሳሌ በ«ፀሐይ መማር ትወዳለች»፣ አፉን የሚከፍተው የባለሙያው እጅ ነው። በአኒሜሽን ግን ያልተወሰነ ነገር ንቅንቅ አይልም፤ የ«ፀሐይ» አዘጋጅ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ በአኒሜሽን የሠራው «ጥበብ ገርልስ» በዚህ መንገድ የሚሄድ ነው። ንግግሩ ቀድሞ የሚቀዳውም ለዚህ ነው፤ ኋላ አንድ ቃል መለወጥ አፏን እንደገና መሥራት ይሆናል።

በስሪዲ ሥራ ሬንደር ሲባል ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ፍሬም ብርሃን፣ ጥላና ቀለም አስልቶ የመጨረሻውን ምስል ሲያወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ቶይ ስቶሪ»፣ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራው የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም፣ ወደ 800,000 የማሽን ሰዓት ወስዷል። ኮምፖዚቲንግ ደግሞ ለየብቻ የተሠሩትን መደራረብ ነው፤ ከታች ክፍሉ፣ በላዩ ወጣቷ፣ ከሁሉ በላይ የቡናው እንፋሎት። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አሜሪካዊው ኧርል ኸርድ በ1914 (እ.ኤ.አ.) ገጸ ባሕርያትን ብርሃን በሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ላይ ስሎ በማይንቀሳቀስ ዳራ ላይ የማንጠፍ ዘዴ አቅርቦ የባለቤትነት መብት ጠይቆበታል።

አኒሜሽን የሚያሠራ ሰው እንግዲህ ውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ያስገባ፦ በየትኛው ደረጃ አይቶ እንደሚያጸድቅ፣ በየደረጃውም ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚፈቀድለት። «ጀበናውን በግራ እጇ ብትይዝስ?» የሚለው ጥያቄ ስቶሪቦርድ ላይ ከተነሳ የአንድ ሳጥን ሥዕል ነው፤ ከሬንደር በኋላ ከተነሳ ግን ከኪፍሬም ጀምሮ እንደ አዲስ መክፈል ነው።