አሮጌ መሣሪያ በአዲስ ዋጋ
በጅቡቲ በር ስላለፈው ንግድና ስለ ሽጉጥ አመራረጥ

በገበያ ላይ ገዢን ከሚያታልሉ ዕቃዎች መካከል ያገለገለ የጦር መሣሪያን የሚያህል የለም። በጨርቅ የተታለለ ሰው ገንዘቡን ብቻ ያጣል፤ በመሣሪያ የተታለለ ግን በጭንቅ ሰዓት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ይህንንም የጅቡቲና የአካባቢዋ ታሪክ በሚገባ ያስረዳናል።

ዘመኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እናውሳ። ፈረንሳይ ኦቦክን በ1862 በውል አገኘች፤ የጅቡቲ ከተማ በ1888 ተቈረቈረች። ከዚያ በፊት ወደ ሸዋ የሚሄደው የመሣሪያ ቅፍለት የሚነሣው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ከታጁራ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦም ቅኔውን ትቶ በ1885 መጨረሻ ወደዚያው የወረደው ለዚሁ ንግድ ነው። ጭነቱም 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ነበር።

ራምቦ በታኅሣሥ 1885 ለቤተ ሰቡ በላከው ደብዳቤ ስለዚህ ንግድ ሲገልጽ ነገሩን አልሸሸገም። ጠመንጃዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት ከሠራዊት የተገለሉ ናቸው፤ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ከሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣል። እርግጥ ነው፣ የመንገዱ ወጪና አደጋ ከባድ ነበር። ሸሪኩ ላባቱ ሞተ፤ ሌላው ነጋዴ ሶለዬም በ1886 ዐረፈ። ራምቦ ብቻውን በጥቅምት 1886 ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ንጉሡም ዕቃውን በቅናሽ ዋጋ በጅምላ ወሰዱ፤ የላባቱንም ዕዳ ቀነሱ፤ የቀረው በሐረር ገዢ በመኰንን እጅ እንዲከፈል አዘዙ። በርካሽ ገዝቶ በውድ ለመሸጥ ያሰበው ሰው ተስፋ ያደረገውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ።

በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ተርጓሚን የሚያሰናክል አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ሬፎርሜ» የሚለው ነው። የቃሉን ዘር ብቻ የተመለከተ ሰው «የተሻሻለ» ወይም «የታደሰ» ብሎ ሊተረጕመው ይችላል። በጦር ሠራዊት ቋንቋ ግን ትርጕሙ «ለአገልግሎት አይበቃም ተብሎ የተገለለ» ማለት ነው። በአንድ ቃል ስሕተት ጥሎሽ ዕቃ አዲስ ሆኖ በመዝገብ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ባላገሩ «ውጅግራ» የሚለውም መሣሪያ ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የመጣ ነው፤ የፈረንሳይ ሠራዊት በ1886 ለቤል የተባለውን በተቀበለ ጊዜ የ1874ቱ ግራ ለሌሎች አገሮች ገበያ ተረፈ።

ስለ ሽጉጥ ደግሞ ገዢው በሥርዓት ሊመረምር ይገባዋል። አስቀድሞ ጥይት አለመኖሩን በዓይኑ ይይ። ቀጥሎ ማኅተሙን ያንብብ። የፈረንሳይ የ1873 ሽጉጥ ስድስት ጎራሽ ሆኖ የአፉ ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው፤ የ1892ቱ ግን 8 ሚሊሜትር ነው፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በሊዬዥ የተፈተነ መሣሪያ በሞላላ ክብ ውስጥ «ኤ፣ ኤል፣ ዤ» የሚሉ ፊደሎች አሉበት፤ ይህ ማኅተም ግን መሣሪያው አንድ ጊዜ ፈተና ማለፉን እንጂ ዛሬ ደኅና መሆኑን አይመሰክርም።

ከዚያም ቃታው ተስቦ በቆመ ጊዜ የጥይቱ ከበሮ ወዲያና ወዲህ እንዳይወላወል ይፈትን፤ የጥይቱ ቀዳዳ ከአፈ ሙዙ ጋር ካልገጠመ እርሳሱ ተልጦ ተኳሹን ሊጐዳ ይችላል። የቆመው ቃታ በአውራ ጣት ሲገፉት ቢወድቅ መሣሪያው አደገኛ ነው። አፈ ሙዙን ወደ ብርሃን አቅንቶ ውስጡን ይመልከት፤ የዝገት ጉድጓድ ወይም እንደ ቀለበት ያበጠ ቦታ ካለ ይተወው። በአሮጌ ብረት ላይ የሚያበራ አዲስ ቀለምም ጌጥ ብቻ ሳይሆን መሸፈኛ ሊሆን ይችላል።

የሚያስገርመው ነገር፣ ራምቦ ራሱ ነጋዴ ከመሆኑ በፊት የሽጉጥ ቁስለኛ ነበር። ጓደኛው ቬርሌን ሐምሌ 10 ቀን 1873 በብራስልስ ተኵሶ የግራ አንጓውን አቈሰለው። የዚያ ድርጊት ነው የተባለው ሽጉጥ በ2016 በፓሪስ በሐራጅ 434,500 ዩሮ አወጣ። ዋጋው የተከፈለው ለብረቱ ሳይሆን ለታሪኩ ነው።

ለአስተዳዳሪ ግን ሌላ ሚዛን አለ። ከ1890 የብራስልስ ውል ጀምሮ መንግሥታት ይህን ንግድ በሕግ ሊያስሩት ደክመዋል፤ በኢትዮጵያም የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1177 መሣሪያ መያዝንና መነገድን በፈቃድ ወስኗል። እንግዲህ ፈቃዱን የሚጽፈው ሹም ቍጥሩንና ማኅተሙን ከብረቱ ላይ ራሱ ያንብብ፤ ሻጩ በወረቀት ያቀረበለትን ብቻ አይገልብጥ። በታጁራ ዳርቻ አርባ ዓመት የተጣለ ብረት በአምስት እጥፍ ዋጋ ሊሸጥ የታሰበው፣ ገዢው ሩቅ፣ ወረቀቱም በሻጩ ቋንቋ የተጻፈ ስለ ነበረ ነው።