ዳፊ የሌለበት ደም

ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት አንጎል የደረሰ ቂጥኝ በወባ ይታከም ነበር። የቪየናው ሐኪም ዩሊየስ ዋግነር-ያውሬግ በ1917 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የወባ ታማሚ ደም ለሕሙማኑ ወጋ፤ መድኃኒቱ ትኩሳቱ ነበር። በ1927 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሕክምናው አሜሪካ ሲገባ ግን ሐኪሞቹን አንድ ነገር ግራ አጋባቸው። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ሲሰጣቸው ነጮቹ ሕሙማን ብርድ ብርድ እያላቸው ሲንቀጠቀጡ፣ ከጥቁሮቹ አብዛኞቹን ትኩሳቱ አይነካቸውም ነበር።

ለምን? መልሱ የመጣው ወባን ጨርሶ ከማያውቅ ሥራ ነው። በ1950 ለንደን ውስጥ፣ ደሙ አልረጋ እያለ ብዙ ጊዜ የሰው ደም የተሰጠው ሕመምተኛ ከዚያ በፊት ያልታወቀ የደም ዓይነት እንዲገኝ ምክንያት ሆነ። ዓይነቱም በሕመምተኛው ስም ዳፊ ተባለ። በ1955 ደግሞ ከጥቁር አሜሪካውያን አብዛኞቹ ቀይ የደም ሴሎቻቸው ላይ ዳፊ እንደሌለ ታወቀ። ያን ጊዜ ይህንን ከወባ ጋር ያያያዘው አልነበረም።

ሃያ ዓመት አለፈ። አሜሪካዊው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ የሰውን ደም ሴል መውረር የሚችል የዝንጀሮ ወባ ይመረምሩ ነበር። የተለያየ የደም ዓይነት ያላቸውን ሴሎች እየቀያየሩ አቀረቡለት። ዳፊ የሌለውን ሴል ተሕዋሱ ይጠጋዋል፣ ይለጠፍበታል፣ ቅርጹንም ያዛባዋል፤ ግን አይገባም። በ1975 ይህንን አሳተሙ። በዓመቱ ፊታቸውን ወደ ቫይቫክስ መለሱ። ቫይቫክስ በተሸከሙ ትንኞች የተነከሱ 17 በጎ ፈቃደኞችን ደም መረመሩ። ያልታመሙት አምስት ብቻ ነበሩ፤ አምስቱም ዳፊ የላቸውም። ዳፊ ያላቸው ጥቁሮች ግን እንደ ነጮቹ ታመው ነበር። ጉዳዩ የቆዳ ቀለም ሳይሆን ዳፊ የተባለው የአንድ ፕሮቲን መኖርና አለመኖር ነበር።

በ1995 ፓሪስ ያሉ ተመራማሪዎች ዳፊ የሚጠፋበትን ምክንያት አገኙት። የዳፊ ጂን ራሱ ደኅና ነው፤ የተለወጠው ጂኑ መቼና የት እንደሚሠራ ከሚያዝዘው ክፍል አንዲት ፊደል ናት። ትእዛዙ ለቀይ የደም ሴል ብቻ አይደርስም እንጂ ሌሎች የአካል ክፍሎች ዳፊን ይሠራሉ። ይህ ጥንቃቄ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ነገሩ ያበቃ መሰለ። በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ዳፊ የለውም፤ ቫይቫክስም ብርቅ ነው። የእኛ አገር ግን የተለየች ናት። እዚህ ዳፊ ያለውና የሌለው በአንድ ቤት ይኖራል፤ ቫይቫክስም ከፋልሲፓረም ቀጥሎ የሚያሠቃየን ወባ ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳልና፣ ዳነ ያልነው ገበሬ በአዝመራ መሐል መልሶ ይወድቃል። በ2010 ማዳጋስካር ውስጥ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ታመው ተገኙ። ጥቂት ቆይቶ ኢትዮጵያም ውስጥ እንዲሁ ታየ። እንግዲህ ተሕዋሱ በየት በኩል ገባ?

አዲሱ ፍንጭ የተገኘው መቅኒ ውስጥ ነው። ዳፊ የለውም በተባለው ሰው መቅኒ ውስጥም፣ ገና በማደግ ላይ ያሉት ቀይ የደም ሴሎች ዳፊን ለአጭር ጊዜ ያሳያሉ፤ ጎልምሰው ወደ ደም ሥር ሲወጡ ግን የለም። ተሕዋሱ የገባው ምናልባት በእነዚህ በኩል ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ምርመራው በአመዛኙ የተካሄደው ከጣት ወይም ከክንድ በተቀዳ ደም ላይ ነበር።