ቱቦው የማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር ማስታወሻ በአንባብያን ዓምድ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከጎሬ ጀምሮ መቱን፣ ሁሩሙን፣ ያዮንና በደሌን የሚያገናኘን አንድ ዋና መንገድ ነው። ኢሉባቦር ዝናብ የማያጣው አገር ስለ ሆነ መንገዱን ከመኪና ይልቅ ውሃ ይጎዳዋል። የሚያስገርመው፣ በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ለእንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደላቸው በኋላ የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ባሮ ወርዶ ክረምትን ይጠብቅ ነበር፤ መርከብ ከካርቱም የሚደርሰው ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበርና። ያን ጊዜ መንገድ የሚከፍተው ዝናብ ዛሬ ይዘጋብናል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመውን መሥሪያ ቤት ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «አውራ ጎዳና» ይሉታል። ስሙ ደጋግሞ ተለውጦ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሆኗል። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች የእርሱ ናቸው፤ የገጠሩ የክልሉና የወረዳው፣ የከተማው ውስጥ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለፌዴራሉም፣ ለክልሉም፣ ለከተማውም መንገድ ጥገና እንዲውል ተደንግጓል። ክፍፍሉ በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ነው።

ጎርፍ ግን ክፍፍሉን አያውቅም። ከትምህርት ቤታችን በላይ፣ የከተማው መንገድ ከዋናው በሚጋጠምበት ስፍራ፣ የውሃ መውረጃው ቱቦ በደለል ከተደፈነ ሁለት ክረምት አለፈው። ጎርፉ አስፋልቱን ተሻግሮ በበራችን ይገባል። ባለፈው ሰኔ በፈተና ቀን ተማሪዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ደብተራቸው ርሶ፣ አርፍደው ደረሱ። አንዲት ልጅ የመጀመሪያው ፈተና አመለጣት።

ለሦስት ቢሮዎች ጻፍን። አንደኛው «የእኛ ድርሻ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ያበቃል» አለ። ሁለተኛው «ቱቦው ያለው ከአስፋልቱ ጠርዝ ውጭ ነው» ሲል መለሰ። ሦስተኛው ደብዳቤውን ተቀብሎ የመዝገብ ቁጥር ሰጠን፤ ቁጥሩን እስካሁን በኪሴ ይዤዋለሁ። ወላጆች አካፋ ይዘው ሊጠርጉ ተነሥተው ነበር፤ ቱቦው ቢሰበር ተጠያቂው ማነው ተባለና ቀረ።

አዲስ በጀት አልጠይቅም። በየድልድዩና በየቱቦው ራስ ላይ የሚጠግነው መሥሪያ ቤት ስም በቀለም ይጻፍልን። መንገድ ከመንገድ በሚጋጠምበት ስፍራ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ክረምት ሳይገባ በአንድነት መጥተው፣ አይተው ይፈራረሙ። ከአንባብያን መካከል በከተማው እንዲህ ያለ ስምምነት የተደረገ ካለ አሠራሩን ቢጽፍልን፣ ከመዝገብ ቁጥራችን ጋር አያይዘን ለሦስቱም ቢሮዎች እናደርሳለን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከመቱ