ከአንገት በታች ያለው ገጸ ባሕርይ

ለልጆች መጻሕፍትና ለአጫጭር አኒሜሽኖች ገጸ ባሕርያት መሳል እንጀራዬ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ መሳል የሚወዱ ወጣቶች ደብተራቸውን ይዘው ይመጡና አብረን እናያለን። ደብተሩ ሲገለጥ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀኝ አንድ ዓይነት ሥዕል ነው፤ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ያለ የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ፊት፣ ብርሃን የሚንጸባረቅበት ትልቅ ዓይን፣ ዘለላው አንድ በአንድ የተለየ ፀጉር፣ ሹል አገጭ። ከአንገት በታች ግን ወረቀቱ ባዶ ነው። ትከሻው ተጀምሮ ይቀራል፤ እጅ ካለም ኪስ ውስጥ ገብቷል። የትኛውን አሣሣል እንደሚወዱ ስጠይቃቸው መልሳቸው ስለ ዓይንና ስለ ፀጉር ይሆናል።

የማንንም ምርጫ አላጣጥልም። እኔም አኒሜን የምወደው ከልቤ ነው። ነገር ግን በሙያው ውስጥ እየቆየሁ ስሄድ፣ በጣም የምወዳቸው ገጸ ባሕርያት አንድ የሚጋሩት ነገር እንዳለ አስተዋልኩ። ፊታቸው ቢሸፈን እንኳ በአካሄዳቸው፣ በአቀማመጣቸው፣ አንገታቸውን በሚያዞሩበት ሁኔታ ይለያሉ። ገና ሲነደፉ ለእንቅስቃሴ ታስበው ነው የተነደፉት።

ይህ ከአሠራሩም የሚመጣ ነገር ነው። በጃፓን ስቱዲዮዎች የገጸ ባሕርይ ንድፍ አውጪ የሚያስረክበው መመሪያ ነው፦ ሰውየው ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ምን ይመስላል፣ ሲስቅና ሲቆጣ ፊቱ ምን ይሆናል፣ ከሌሎቹ አጠገብ ሲቆም ቁመቱ የት ድረስ ነው። ያንን ወረቀት ይዘው ብዙ አኒሜተሮች አንዱን ሰው ይስላሉ፤ የአኒሜሽን ዳይሬክተሩ ደግሞ የሁሉንም እጅ ወደ አንድ መልክ ያመጣዋል። ንድፉ ላይ አንዲት መስመር ከተጨመረች ያቺ መስመር ስፍር ቁጥር በሌለው ሥዕል ላይ ትደገማለች። አኒሜተሩ የአንገት ሐብሉን ቀለበት ሲቆጥር የሰውዬውን ትንፋሽ ለመሳል ጊዜ ያጣል።

የዓይኑን ትልቅነትም ከዚሁ ነጥዬ አላየውም። ነገሩ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ሠዓሊውን ኦሳሙ ቴዙካን ነው፤ ቴዙካ የዲዝኒን ፊልሞች፣ በተለይ ባምቢን፣ ደጋግሞ አይቷል። ከእሱ በፊትም ቢሆን በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጁንኢቺ ናካሃራ ለልጃገረዶች መጽሔት የሚስላቸው ሴቶች ዓይነ ትልልቅ ነበሩ። የቴዙካ ቴትሱዋን አቶም የተባለው ተከታታይ ጥር 1 ቀን 1963 በቴሌቪዥን ሲጀመር ግን ሌላ ነገር መጣ፤ በየሳምንቱ አንድ ክፍል፣ በትንሽ ገንዘብ። በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ያልፋል፤ የተከታታዩ ሠሪዎች አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም እያቆዩ በሰከንድ ስምንት ሥዕል፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ መሥራት ነበረባቸው። አካል ዝም ሲል ታሪኩን የሚሸከመው ዓይንና አፍ ነው። ትልቁ ዓይን እዚያ ላይ ሥራ አገኘ ብዬ አምናለሁ። ዓይን በሥዕል ውስጥ ሥራ ሊኖረው እንደሚችል እኛ በደንብ እናውቃለን፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳኑ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሳሉ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ሁለቱ ወጎች ዝምድና የላቸውም። የቤተ ክርስቲያኑን ለምዶ ያደገ ልጅ ግን የአኒሜ ዓይን ምን ሥራ እንደተሰጠው መጠየቅ አይከብደውም።

ምርጫዬን በአንድ ሥራ አሳይ ብባል የኪዮቶ አኒሜሽንን እጠራለሁ። ይህ ስቱዲዮ ስለ አንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ቡድን የሚተርከውን ሳውንድ ዩፎኒየም የተባለ ተከታታይ በ2015 ጀመረ፤ ንድፉ የሾኮ ኢኬዳ ነበር። ጉንጫቸው ሞላ ያለ፣ ዓይናቸው እርጥብ የሚመስል፣ ቀለማቸው የደመቀ ልጃገረዶች። በ2018 ዳይሬክተሯ ናኦኮ ያማዳ ከዚያው ታሪክ ሚዞሬና ኖዞሚ የተባሉትን ሁለት ጓደኛሞች ብቻ ወስዳ ሊዝና ሰማያዊዋ ወፍ የሚል ፊልም ስትሠራ፣ እነዚያኑ ልጆች ፉቶሺ ኒሺያ እንደገና ነደፋቸው። መስመሩ ቀጠነ፣ ቀለሙ ፈዘዝ አለ፣ አንገታቸው ረዘመ፣ እጅና እግራቸው ቀጭን ሆነ። ስማቸው ያው፣ ዩኒፎርማቸው ያው፤ ሰዎቹ ግን ሌላ ዓይነት ትኩረት የሚጠይቁ ሆኑ።

የፊልሙን መጀመሪያ ለሚመጡት ልጆች ሁሉ አሳያለሁ። ሚዞሬ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ኮቴ ትሰማለች፤ ሌላ ሰው ነው፣ ያልፋል። ኖዞሚ ስትመጣ ከፊቷ በፊት የምናውቃት በእርምጃዋ ነው፤ ፈጠን ያለች፣ ጫማዋ መሬቱን ነካ ለቀቅ የሚያደርግ፣ እንደ ጅራት የታሰረ ፀጉሯ ከወዲያ ወዲህ የሚል። ሚዞሬ ከኋላ ትከተላታለች፤ እርምጃዋ ቁጥብ ነው፣ ዓይኗ ከዚያ ፀጉር አይነቀልም። ረዥም ጊዜ አይነጋገሩም። ማን ማንን አብልጦ እንደሚፈልግ ግን ኮሪደሩን ሳይጨርሱ ገብቶናል። ይህንን በመጀመሪያው ንድፍ መሥራት ይቻል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሴ አይቻልም ነው። የኢኬዳ ንድፍ ለሳቅ፣ ለእንባ፣ ለመድረክ ብርሃን የተሠራ ድንቅ ሥራ ነው፤ ፊቱ ራሱ ይናገራል። የኒሺያው ፊቱን ዝም አሰኝቶ አንገትንና እግርን ያናግራል። ሁለቱም ሠዓልያን ሐምሌ 18 ቀን 2019 ስቱዲዮው ላይ ሆን ተብሎ በተለቀቀው እሳት ከሞቱት 36 ሰዎች መካከል ናቸው። ሥራቸውን ጎን ለጎን ባደረግሁ ቁጥር ያ ኀዘን ይመጣብኛል፤ ለልጆቹም ስማቸውን ሳልነግር አላልፍም።

መስመርን የመቀነስን ድፍረት እስከ ዳር የወሰደው ኢሳኦ ታካሃታ ነው። በ2013 የወጣው የልዕልት ካጉያ ተረት ውስጥ መስመሩ ገና ረቂቅ እንደሆነ ነው የቀረው፤ ቦታ ቦታ ላይ ይቋረጣል፣ ዳር ዳሩ ነጭ ወረቀት ነው። ልዕልቷ በድግሷ ቀን የሰከሩ እንግዶች ስለ እሷ የሚሉትን ሰምታ ስትሮጥ፣ ያ ለስላሳ መስመር እንደ ከሰል ይሻክራል፤ ድርብርብ ልብሷ አንድ በአንድ ከላይዋ እየወለቀ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ፊቷ በጥቂት ጭረት ይቀራል። ቁጣዋን የምናየው መስመሩ ውስጥ ነው። ማሞሩ ሆሶዳም በራሱ መንገድ እዚህ ሰፈር ነው። በጊዜ ውስጥ የምትዘለው ልጅ በተባለው የ2006 ፊልሙ ዮሺዩኪ ሳዳሞቶ የነደፋቸው ሰዎች ላይ ጥላ የለም፤ ልጅቷ ስትሮጥና ስትወድቅ እጅና እግሯ እንደልብ ይታጠፋሉ።

ይህን ስል ዝርዝር የበዛበት ሥራ ሁሉ አይማርከኝም ማለቴ አይደለም። ሳቶሺ ኮን በ2003 በቶኪዮ ጎድፋዘርስ ያመጣቸው ሦስት የጎዳና ሰዎች መጨማደዳቸው፣ የተደራረበ ልብሳቸው፣ ሁሉም ተስሏል፤ ግን ዝርዝሩ የተቀመጠው አካላቸው በሚከብድበት ቦታ ላይ ነው። ልጆቹ አሁን የሚወዱት ዲመን ስሌየርም በ2019 ሲጀመር በአኪራ ማትሱሺማ ንድፍ የማንጋውን ወፈር ቀጠን የሚል መስመር ይዞ መጣ። የዋናው ገጸ ባሕርይ የታንጂሮ አረንጓዴና ጥቁር ዳማ ካባ ለአኒሜተር ፈተና ነው። ሆኖም ከሩቅ፣ በጨለማ ውስጥ እንኳ ታንጂሮ ታንጂሮ ነው፤ ስለዚህ ያ ካባ ልፋቱን ይክሳል ባይ ነኝ። የማይማርከኝ፣ ፀጉራቸው ቢላጭ አንዱ ከሌላው የማይለይ፣ ዓይናቸው ውስጥ ብዙ ቀለም ፈስሶ ሲቆሙ የሚያምሩ ሲራመዱ ግን እንጨት የሚሆኑት ናቸው። እነሱ ብዙ ናቸው።

ይህ ነገር ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ልጆቹ የአገራቸውን ሰው በአኒሜ መልክ ሲስሉ ነው። ብዙውን ጊዜ ያው ፊት ቡናማ ይቀባና ሹሩባ ይደረግለታል። ተቀባ እንጂ አልተነደፈም። ሳዮ ያማማቶ በ2008 ብራዚልን በምትመስል አገር ላይ የሠራችው ሚቺኮና ሃቺን ላይ የሰዎቹ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ የትከሻቸው ስፋት፣ የቆዳቸው ቀለም ሁሉ ከሰው ሰው ይለያያል፤ መንገድ ዳር የቆመው አላፊ አግዳሚ እንኳ የራሱ አቋቋም አለው። እኔ የምፈልገው ይህን ነው።

ስለዚህ ነጠላ የለበሰች ሴት ከኋላ ሆነው እንዲስሉልኝ አዛቸዋለሁ። መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል፤ ፊት የለውማ። ከዚያ መንገድ ላይ ማየት ይጀምራሉ። ነጠላው ከትከሻ ሲንሸራተት አንዷ ሳታስበው በአንድ እጇ መለስ ታደርገዋለች፤ ሌላዋ ቆም ብላ ፈትታ እንደገና ትለብሰዋለች፤ ለታክሲ የምትሮጠዋ ጫፉን ጨብጣ ትሮጣለች። አንዲት ተማሪ የነጠላውን እጥፋት ሁሉ ስላ አመጣችልኝ፤ ብዙ ደክማበታለች፣ ሴትዮዋ ግን ቆማ ቀርታለች። እጥፋቱን እያጠፋን ሄድን። በመጨረሻ የቀረው ከትከሻ እስከ ክንድ የሚወርደው የጥለቱ መስመር ነበር፤ እሱ በእርምጃዋ ልክ ወደ ግራ ሲያዘነብል ሴትዮዋ መሄድ ጀመረች።