2025 መቼ ነው? ሸማች ሆይ፣ ጥቅሉን አገላብጥ!

መስቀል ሲቃረብ የወልቂጤና የቡታጅራ ገበያ ይደምቃል። ከመርካቶ አገር ቤት የሚገባው ዘመድ ለእናት ለአባቱ ዘይት፣ ስኳር፣ ብስኩትና ጨው ይዞ ይወርዳል። ያልያዘውን ደግሞ እዚያው ከተማው ውስጥ ካሉት ሱቆች ይሸምታል።

ቅቤና ቆጮ በመምረጥ በኩል የጉራጌን እናት የሚያታልላት የለም። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ ፈታ አድርጋ ታሸትታለች፣ በጣቷ ቆንጥራ ትቀምሳለች፤ የከረመውን ከትኩሱ ወዲያው ትለያለች። ሱቅ ስትገባ ግን ይህ ሙያዋ አያገለግላትም። የታሸገ ዕቃ አይሸተትም፣ አይቀመስም። የሚናገረው በላዩ በታተመው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ጽሑፉን ማየትም ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. የመስቀል ገበያ ላይ «06/2025» የሚል የብስኩት ጥቅል ቀረበ እንበል።

«ልጄ፣ ይኼ እስከ መቼ ነው የሚቆየው?»

«ኧረ ገና ነው እማማ፤ 2025 ይላል እኮ!»

ሻጩም አልዋሸም፣ ገዢዋም አልተሳሳትኩም ብላ ትሄዳለች። በእኛ አቆጣጠር ካሰቡት ሰባት ዓመት ይቀረዋል። ቀኑ የታተመው ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ብስኩቱ ጊዜው ያበቃው ሰኔ 2017 ዓ.ም. ላይ ሲሆን፣ ለመስቀል ሲገዛ ወደ ሦስት ወር ገደማ አልፎታል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የታተመው ወር ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመተ ምሕረቱ 8 መቀነስ፣ ከ10 እስከ 12 ከሆነ ደግሞ 7 መቀነስ ነው። 9ኛው ወር ላይ ዕንቁጣጣሽ እስኪገባ 8፣ ከገባ በኋላ 7 ይቀነሳል። በአማርኛ «ዓ.ም.» ተብሎ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ግን እንዳለ ይወሰዳል። «ኤም ኤፍ ጂ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት የተመረተበትን፣ «ኢ ኤክስ ፒ» የሚሉት ደግሞ የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ያመለክታሉ። ሁለቱን ማምታታት ያስከፍላል።

ከቀኑ ቀጥሎ ጨው ይታይ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው አስገድዷል። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ሲጎድል ደግሞ የልጁ የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተሰብ በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 89 ደረሰ። ስለዚህ ጥቅሉ ላይ «አዮዲን ያለው» የሚለውን ቃልና የአምራቹን ስምና አድራሻ መፈለግ ይገባል። ጨው ቤት ከገባም በኋላ ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ስለሚያጠፉት ተከድኖ መቀመጥ አለበት።

የዘይት ጀሪካን ላይ «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ይነበባል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዕፅዋት የሚጨመቅ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም። ቁም ነገሩ በትንሹ የተጻፈው ነው፤ ከምን ተጨመቀ የሚለው። የፓልም ዘይት ከሆነ ከቅባቱ ግማሽ የሚጠጋው ብርድ ሲነካው የሚረጋና ሲበዛ ለልብ የማይበጅ ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት የፈለገ ሰው በትልቁ ፊደል ሳይሆን በትንሹ ይገበያይ።

ጉዳዩ የነጋዴውም ነው። ጅምላ ሻጭ ካርቶኑን ያለወትሮው በርካሽ ሲለቅ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቀኑ ነው። ጊዜው ያለፈበትን ምግብ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ በመሆኑ፣ መደርደሪያ ላይ የተገኘ ዕቃ የሚያስጠይቀው ቸርቻሪውን ነው። በርካሽ የገባው ካርቶን ያኔ ኪሳራ ይሆናል።

እናቶች ቅቤውን ሳያሸቱ እንደማይገዙት ሁሉ ጥቅሉንም ሳያገላብጡ ባይገዙ ማንም አይቀየምም። መነጽር የሌላቸው ተማሪ ልጃቸውን ይዘው ሱቅ ይሂዱ። ቀኑን አንብቦ 8 ወይም 7 መቀነስ ለልጁም ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ነው።