ንብ የሚመስለው ዝንብ ንብን አያውቅም

መስከረም ላይ ደብረ ብርሃን ዙሪያ አደይ አበባ ሲፈነዳ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አጥሩ ጥግ ወጣ በሉና አበባው ላይ የሚያርፈውን ሁሉ አስተውሉ። ሆዳቸው ላይ ቢጫና ጥቁር መቀነት ያላቸው ትንንሽ በራሪዎች ታያላችሁ። ልጅ ሲያያቸው "ንብ!" ብሎ ይሸሻል። ከመካከላቸው ግን ንብ ያልሆኑ አሉ፤ ዝንቦች ናቸው። መንደፊያ የላቸውም፤ ሰው አይነኩም፤ ጉዳያቸው ከአበባው ጋር ብቻ ነው።

መጽሐፍ "ንብ አራት ክንፍ አላት፣ ዝንብ ሁለት" ይላል። እውነት ነው፤ ሜዳ ላይ ግን አያዋጣም፤ የንብ የፊትና የኋላ ክንፍ ተቆላልፎ አንድ ይመስላል። እኔ ለልጆች የማሳየው ዓይኑን ነው። የዝንቡ ዓይኖች ከመተለቃቸው የተነሳ ጭንቅላቱን ሊሸፍኑት ምንም አይቀራቸውም፤ አንቴናው ደግሞ አጭር ስለሆነ ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። የንብ አንቴና ረዘም ብሎ መሐሉ ላይ ይታጠፋል፤ የኋላ እግሯም ላይ ብዙ ጊዜ የአበባ ብናኝ ቋጥራ ትይዛለች። ዝንቡ አየር ላይ የተሰቀለ ይመስል አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቆምና ድንገት ሽው ብሎ ወደ ጎን ይወረወራል። ይህችን አንዴ ያየ ልጅ ከዚያ ወዲያ አይሳሳትም።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ "ዝንቡ ንብ መምሰል እንደሚጠቅመው በምን አወቀ?" እባካችሁ "ብልጥ ስለሆነ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ይህ መልስ ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስረዳውም፤ ደግሞም ትክክል አይደለም። ዝንቡ መልኩን አይቶ አያውቅም፤ ንብ የምትባል ፍጥረት መኖሯንም አያውቅም።

አባቶቻችን "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይላሉ። ልጡ ምንም አላደረገም፤ እባብ ልምሰል አላለም። የበረየው እባቡን የሚያስታውሰው ሰው ነው። በዝንቡም ነገር የምታስታውሰው ወፏ ናት። ንብ ልትውጥ ስትል ተነድፋለች፤ ስለዚህ ቢጫና ጥቁር ያለበትን ሁሉ ትተዋለች። እስቲ በጥንት ዘመን ከጥቁር ዝንቦች መካከል አንዱ ጥቂት ቢጫ ይዞ ተወለደ እንበል። ወፏ ጥቁሮቹን ለቅማ በላች፤ ባለ ቢጫውን ግን "ይሄስ ይቅርብኝ" ብላ አለፈችው። የተረፈው ወለደ፤ ልጆቹም ቢጫውን ወረሱ። ከልጆቹም ውስጥ ይበልጥ ንብ የሚመስሉት ተረፉ። ይህ ከትውልድ ወደ ትውልድ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ዛሬ የምታዩት ዝንብ ሆነ። ዝንቡን ንብ ያስመሰለችው ወፏ ናት።

ነገሩን እንዲህ አድርጎ በጽሑፍ ያስረዳው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ በአማዞን ጫካ 11 ዓመት ቢራቢሮና ሌሎች ነፍሳት ሲሰበስብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1862 አሳተመው። እኛ ግን አማዞን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም።

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወደ ቆላው ስትወርዱ ጦቢያው ታገኛላችሁ፤ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያፈሰውን ማለቴ ነው። (ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው፤ ልጆች አይንኩት።) በዚህ ወተት ውስጥ ልብን የሚጎዳ መርዝ አለ። አንዲት ብርቱካናማ ቢራቢሮ ግን አባጨጓሬ ሳለች ጦቢያውንና ዘመዶቹን በልታ ታድጋለች፤ መርዙንም በሰውነቷ ታስቀምጠዋለች። የክንፏ ጫፍ ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ። አሜሪካ ውስጥ ሊንከን ብራወር የተባለ ተመራማሪ የዚህችን ቢራቢሮ ዘመድ ለወፍ አብልቶ አይቷል፤ ወፉ ጥቂት ቆይቶ አስታወከ፤ ከዚያ በኋላ መልኳን ሲያይ እንኳ አልቀርብ አለ።

አሁን ሌላዋን ተመልከቱ። ያው ብርቱካናማ፣ ያው ጥቁር ጫፍ፣ ያው ነጭ ነጠብጣብ። ይህችኛዋ ግን ያ መርዝ የላትም። መለያዋ የኋላ ክንፏ ነው፦ መርዝ ያላት መራራዋ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ ሲኖራት፣ መሳይዋ ያላት አንድ ብቻ ነው። ደግሞ የምትመስለው ሴቷ ብቻ ናት! ባሏ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክብ ያለበት ነው፤ ለማያውቅ ሰው ባልና ሚስት አይመስሉም።

ማምለጫው ግን ልክ አለው። መሳዮቹ ከመራሮቹ እጅግ ከበዙ ወፎች ብርቱካናማ ሁሉ ጣፋጭ ነው ብለው ይማራሉ፤ ያኔ መምሰሉ ጥቅም የለውም።

ስለ ሸዋ ቢራቢሮ ሳወራ ልዘለው የማልፈልገው ታሪክ አለ። ኦራዚዮ አንቲኖሪ የተባለ ጣሊያናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1876 ሸዋ ገባ፤ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያን ሰጡት። እዚያ ሆኖ ወፍና ነፍሳት ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እዚያው ሞተ። በዓመቱ ፈረንሳዊው ሻርል ኦበርቱር ከሸዋ የመጡትን ቢራቢሮዎች ሲያጠና አንዲቱን በአንቲኖሪ ስም ሰየማት። ክሬም መሳይ ቢጫ ናት፤ ክንፏ ጥቁር ጠርዝ አለው፤ ከኋላዋ ጭራ አላት። የዚህች ቢራቢሮ ዘመዶች በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በደቡብ አፍሪካ አሉ። በእነዚያ አገሮች ሴቶቹ ጭራ የላቸውም፤ አንዷ አንዱን መራራ ቢራቢሮ፣ ሌላዋ ሌላውን ትመስላለች። ሊቃውንት የተለያየ ዘር መስለዋቸው ነበር፤ ተመራማሪው ሮላንድ ትራይመን በ1869 የአንድ ዘር ሴቶች መሆናቸውን እስኪያሳይ ድረስ። የእኛዎቹ ሴቶች ግን አብዛኞቹ ማንንም አይመስሉም፤ ቁርጥ ወንዱን ናቸው። ጥቂቶቹ ብቻ መራሮቹን ይመስላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ጭራቸውን አልጣሉም። በዓለም ላይ ስለ መመሳሰል በሚጻፍ ጥናት የኢትዮጵያዋ ቢራቢሮ ደጋግማ የምትነሳው ለዚህ ነው። የአንኮበር ልጅ ይህን ሳያውቅ ማደጉ ያሳዝነኛል።

"እስስትስ?" ትሉ ይሆናል። እስስት ቀለሟን የምትለውጠው በአብዛኛው ስትቆጣ፣ ሲበርዳትና ለሌላ እስስት ምልክት ስትሰጥ ነው። ቅጠል ላይ አረንጓዴ ሆና ስትቀመጥ ደግሞ መደበቋ ነው። መደበቅና መምሰል ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር ላይ የተገኘችውና በቦታው ስም የምትጠራው ቡናማ ዝንጉርጉር ወፍ ገደሉ ላይ ስታርፍ ከአፈሩ አትለይም፤ እሷ የምትተርፈው ሳትታይ ነው። ንብ መሳዩ ዝንብ ግን በግላጭ እየታየ ነው የሚተርፈው።

መደበቅና መምሰል የተገናኙበትን ማየት ከፈለጋችሁ ሸዋ ሮቢት ወይም ሎሚ የሚበቅልበት ዘመድ ቤት ስትሄዱ የሎሚውን ቅጠል ፈትሹ። ጥቁርና ነጭ የወፍ ኩስ ጠብ ያለበት የሚመስል ቅጠል ካያችሁ ቀረብ በሉ፤ ኩሱ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የቢራቢሮ አባጨጓሬ ነው። ወፍ ኩስ አትበላም። ሲያድግ ግን ያን መልክ ጥሎ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያን የሚያህል የወፍ ኩስ ከየት ይመጣል? ያኔ ጀርባውን በቀስታ ነካ ብታደርጉት ከራሱ ኋላ ሹካ የመሰለ ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ ሽታው ይሰነፍጣል፤ እናንተን ግን አይጎዳም። ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ የት አካባቢና በምን ዛፍ ላይ እንዳገኛችሁትም ጻፉልኝ።